ዘራችን የተቆጠረው ጉዛራ ግንብ ሥር ነው

የበደሉኝ ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። ጊዜው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው የሠርግ ሰሞን ነበር። አባቴም አለበት፤ የእሱን በተራው እናገራለሁ። ሁለቱም አፈር ከለበሱ ቆይተዋል። ቅር የሚለው ሰው ካለ ልጆቻቸው ናቸው፤ እነሱም የሰሙትን እንጂ ያዩትን መናገር አይችሉም። እኔ ግን እዚያው ነበርሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ባለፈው ሰሞን ከጓደኞቹ ጋር የጎንደርን ግንቦች ሲጎበኝ ሰንብቶ መጣና ጉዛራ ላይ የተነሣውን ፎቶግራፍ አሳየኝ። ግንቡ በር ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። «የአያቶቻችን ሥራ ነው፣ እማማ» አለኝ። የእሱ አያት ወረታ ገበያ ላይ ጨው ይሸጡ ነበር። ግንብ አጠገብ የቆመ ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርገዋል።

ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ነበር። አባቴ አያ ታከለ ከብት አርቢ ነው። በዚያ ዓመት አበጀ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ሽማግሌ ላከብኝ። ከባሕር ዳር ጎንደር ትሬንታ ኳትሮ በሚሉት የጣሊያን መኪና ይመላለስ ነበር። ስለ እሱና ስለ እኔ ብዙ አልጽፍም። ፈልጌው ነበር፤ ይኸው ይበቃል።

አበጀ ወላጆቹ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት የአባቱ እኅት ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። የሚኖሩት ይፋግ ነው። ወይዘሮ ስንዱ የንጉሥ ዘር ነበሩ። ይህን ያልሰማ የይፋግ ገበያተኛ አልነበረም፤ በርበሬ ሲገዙም ይናገሩታል። የጉዛራን ግንብ ያሠራው ንጉሥ አዛዥ ድንቁ የሚባል የልጅ ልጅ ነበረው፣ አዛዥ ድንቁ የግንቡ አዛዥ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ከአዛዥ ድንቁ ይወለዳሉ። እኛን «የሜዳ ሰዎች» ይሉናል። ቢሆንም ሾፌሩ የወደደውን ስለወደደ ጥያቄውን አልከለከሉም።

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሳይጋቡ በፊት ዘራቸው ይቆጠራል። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው አይሆንም። ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ጠላ እየተጠጣ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ግን «የእኛ ዘር ጓዳ ውስጥ አይቆጠርም፤ ግንቡ ሥር ይቆጠር» አሉ። አባቴ ከብቶቹን ጥሎ ያን ያህል መንገድ መሄድ ባይወድም እሺ አለ።

ሴት ልጅ ዘሯ ሲቆጠር አትገኝም። እኔ የሄድሁት ወይዘሮ ስንዱ «አቀበት ላይ ሸክም እንዴት እንደምትችል ልያት» ስላሉ ነው።

የመኪናው ባለቤት የወረታ ነጋዴ ነበሩ፤ ለጋብቻ ጉዳይ ነው ሲባሉ መኪናውን ለአንድ እሑድ ፈቀዱ። ቅዳሴ እንደወጣ አበጀ እየነዳ ተነሣን። ይፋግ ላይ ወይዘሮ ስንዱ ጥላቸውን ይዘው ጋቢና ገቡ። አባቴ፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ተሰማ፣ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎችና እኔ ከነምግቡ ድስቶች ከኋላ ጭነቱ ላይ ተጫንን። ከእንፍራንዝ አቅራቢያ መኪናው ቆመ። ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው። ለወይዘሮ ስንዱ በቅሎ ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ ዶሮ ወጡን ተሸክሜ ከበቅሎዋ ኋላ ወጣሁ።

ግንቡ ኮረብታው አናት ላይ ነው። ጣራው ወድቋል፣ ከግድግዳው ውስጥ ዛፍ በቅሏል። ወይዘሮ ስንዱ በሩ ላይ ወርደው እጃቸውን ዘረጉ።

«ግቡ፣ ግቡ። ቤታችሁ ነው» አሉ።

ከውስጥ ፍየሎች ወጡ።

ፍየሎቹ እስኪያልፉ ቆመው ጠበቁና ያስጎበኙን ጀመር። ይኸ ግብር የሚገባበት አዳራሽ ነው፣ ይኸ የእልፍኙ መስኮት ነው፣ ይኸ አዛዥ ድንቁ ቆሞ ሰው ያስገባበት የነበረው በር ነው። የሌሊት ወፍ ሽታ ስለነበር መምሬ ተሰማ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ አባቴ።

«የድሮ ቤት ሽታ ነው፣ አያ ታከለ። እናንተ የድሮ ቤት ከየት ታውቃላችሁ፤ የእናንተን በየክረምቱ ጎርፍ ይወስደዋል።»

ከደጁ ሆነው ሲያዩ ጣናና ሜዳው በሙሉ ይታያል። እንዲህ ሰፊ አገር አይቼ ስለማላውቅ ድስቱን እንደተሸከምሁ ቆሜ ቀረሁ። ወይዘሮ ስንዱ በጥላቸው ወደ ታች ጠቆሙ።

«ነገሥታቱ እዚህ ላይ ቆመው የፎገራን ከብት ይቆጥሩ ነበር።»

«ሰዉንስ?» አለ አባቴ።

«ሰዉም ከከብቱ ጋር ይቆጠራል።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። እኔ ያን ጊዜ ነው ነገሩ ያልጣመኝ፤ አባቴ ጢሙን ይነጭ ጀመር፤ ሲናደድ ልማዱ ነው።

ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥንና ቆጠራው ተጀመረ። ወይዘሮ ስንዱ ከአበጀ ተነሥተው አባት በአባት እየጠሩ አምስተኛው ላይ አዛዥ ድንቁ ሲደርሱ አቆሙ።

«ከዚህ በላይ ንጉሥ ነው። ሌላ ምን ይቆጠራል?» አሉ። «ማስረጃ ቢያስፈልግም የይፋጉን ርስት የምንበላው በአዛዥ ድንቁ ስም ነው። የእሱ ልጅ ያልሆነ ከዚያ መሬት እፍኝ አፈር አያነሣም።»

ያን ግንብ ያህል ያረጀ ነገር ላይ በዚያ ጥቂት ሰው መደረሱ ማንንም አልገረመም። በኋላ ሳስበው እንደ እሳቸው አቆጣጠር እያንዳንዱ አባት የወለደው ሸብቶ ካበቃ በኋላ ነው።

ተራው የአባቴ ሆነ። የአባቶቹን ስም አውቃለሁ፤ በልጅነቴ ወተት እያለበ አስተምሮኛል። ሁሉም ከብት አርቢዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን በትክክል ጠራ። ከዚያ አንዱ አያት ላይ ቆም አለና ሜዳውን አየ።

«ቀጥል እንጂ፣ አያ ታከለ» አሉ ወይዘሮ ስንዱ። «ምነው፣ የቀሩትን ጎርፍ ወሰዳቸው?»

ሽማግሌዎቹ እንደገና ሳቁ።

«የእሱ እናት ወይዘሮ የሺመቤት ይባላሉ» አለ አባቴ። «የሺመቤትን የወለደ አዛዥ ድንቁ ነው።»

ይህን ስም አባቴ የሰማው ከወይዘሮ ስንዱ አፍ ነው። ሽማግሌ እስኪላክ ድረስ በቤታችን ተጠርቶ አያውቅም። የሺመቤት የምትባለው ደግሞ እዚያው ዛፍ ሥር የተወለደች ናት።

«የትኛው አዛዥ ድንቁ?» አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

«ስንት አሉ?»

«ለአንተ ደግሞ ማን ነገረህ?»

«ለእርስዎ የነገሩዎት እነማን ናቸው? መምሬ፣ የእኔ ይመርመር ከተባለ የሁለታችንም ይመርመር።»

ወይዘሮ ስንዱ ጥላቸውን ከፈቱ፣ መልሰው አጠፉ። ከዚያ ተነሥተው አባቴን ጉንጭና ጉንጩን ሳሙት።

«ለካስ ዘመዴ ነህ» አሉ። «እኔኮ ግንባርህን ሳየው የሆነ ነገር ብሎኝ ነበር።»

መምሬ ተሰማ በጣታቸው ቆጥረው ነበርና ጣታቸውን አላጠፉም።

«እንግዲያ አምስተኛ ላይ ተገናኛችሁ» አሉ። «ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው። ጋብቻው አይሆንም።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ይህን እንዳላሰበው ፊቱ ላይ አየሁ። አንድ ቃል ብቻ ቢናገር ይበቃ ነበር። ወይዘሮ ስንዱም ቢናገሩ ይበቃ ነበር። ሁለቱም ሌላው እስኪናገር ጠበቁ። አበጀ የመኪናውን ቁልፍ እጁ ላይ ያገላብጣል።

«ወጡ ቀዘቀዘ» አለ አንዱ ሽማግሌ።

ተበላ። ለጋብቻ የመጣው ለዘመድ መገናኛ ሆነ፤ ምርቃቱም አልቀረም። ያስተናገድሁት እኔ ነኝ። ስንመለስ ወይዘሮ ስንዱ «ዘመዴ ከጭነት ጋር አይጫንም» ብለው አባቴን ጋቢና አስገቡት። እኔ ከባዶው ድስት ጋር ከኋላ ተቀመጥሁ።

በሳምንቱ አባቴን ለመንሁት።

«አባባ፣ መምሬ ዘንድ ሂድና ዋሽቼ ነው በላቸው። ለብቻቸው ንገራቸው።»

«በሽማግሌ ፊት የተናገርሁትን? ትናንት ገበያ ላይ ወንበር ለቀቁልኝ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ የንጉሥ ልጅ ነሽ። ባል አታጪም።»

አበጀም አክስቱን ጠይቆ ነበር። የመለሱለትን የነገሩኝ የይፋግ ሰዎች ናቸው፤ «ሚስት በየመንደሩ አለች፣ አዛዥ ድንቁን ከየት ታመጣልኛለህ?» ብለውታል። ከአንድ ወር በኋላ ወረታ ላይ መኪናውን አቁሞ አንገቱን በመስኮት አወጣና «እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ?» አለኝ። አልመለስሁለትም። ከፋሲካ በኋላ የጎንደር ልጅ አገባ።

ሰው ይረሳል ይላሉ። እኔ የወይዘሮ ስንዱን ቃል አልረሳሁም፤ የእሱ ልጅ ያልሆነ እፍኝ አፈር አያነሣም ብለዋል። እኔ ደግሞ በሽማግሌና በቄስ ፊት የእሱ ልጅ ተብያለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ዳኛው ዘንድ ሄጄ ከአዛዥ ድንቁ ርስት ድርሻዬን ጠየቅሁ።

መምሬ ተሰማ የሰሙትን መሰከሩ። ሽማግሌዎቹም መሰከሩ። አባቴ መምጣት አልፈለገም ነበር፤ «እንግዲያው ዋሽቼ ነው በል» ስለው ነጭ ለብሶ መጣ። ከእኔ እስከ አዛዥ ድንቁ አንድም ሳይሳሳት ቆጠረ። የሺመቤትንም አልረሳት።

ዳኛው ወደ ወይዘሮ ስንዱ ዞሩ።

«ይህች ልጅ ዘመድዎ ናት? አይደለችም ካሉ የተቆጠረው ዘር ሁሉ ከሥሩ እንዲመረመር አደርጋለሁ።»

ችሎቱ በይፋግ ገበያተኛ ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ሰዉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መሬቱን አሰቡ። አበጀም ከኋላ ቆሟል። እኔ «አይደለችም» እንዲሉ ፈልጌ እንደነበር አልክድም፤ ጊዜው ቢያልፍም ያን ቃል መስማት ፈልጌ ነበር።

«ናት» አሉ።

ዛሬም ለሁለቱ ነፍስ ይማር ሲባል አሜን ለማለት እዘገያለሁ። ግንቡን ግን አልጠላውም፤ እሱ ምንም አልተናገረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሐሙሲት ሰው አገባሁ። ዘር ሲቆጠር አባቴን ቤት አስቀምጬ አጎቴን ላክሁ። የደረሰኝ መሬት ከወይዘሮ ስንዱ ማሳ ጎን ነበር። ድንበሩ ላይ ስንገናኝ «ዘመዴ፣ እንደምን አደሩ?» እላቸው ነበር። ሽምብራ ዘራሁበት።