ተጠርተው ያልመጡት እትዬ ዘይነባ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር ድምፅ ማጉያ አስጨበጠኝ። በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነት የተመደብኩት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ነበር። የእርዳታ ስንዴ መጥቷል፤ የችግረኞቹን ስም ሰፈር መሀል ቆሜ መጥራት አለብኝ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጠራሁ።

እትዬ ዘይነባ አልመጡም። ልብስ ሰፊ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት ልጆች ይዘው ቀርተዋል። ትንሿ ልጃቸው ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ተዝለፍልፋ ወድቃለች። ረሃብ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«የራበው ይመጣል፣ ጓድ አልማዝ!» አለኝ ሊቀመንበሩ። እድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም።

«እሳቸው በድምፅ ማጉያ ተጠርተው፣ ጎረቤት እያያቸው ጆንያ ይዘው የሚወጡ ይመስልሃል?» አልኩት። ስልጠና ላይ ስለ ድህነት ብዙ ተምረናል፤ ስለ ይሉኝታ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ቤታቸው ሄድኩ። ምድጃው ላይ ድስት ተከድኖ ይንተከተካል፤ ቤቱ የሽንኩርት ሽታ እንኳ የለውም። ለጎረቤት ዓይን የተጣደ ውሃ ነው።

«ምሳ ደርሷል፣ አረፍ በይ ልጄ» አሉኝ።

«በልቼ ነው የመጣሁት» ብዬ ዋሸሁ። ስንዴውን አላነሳሁም። «እትዬ፣ ልለምንዎ ነው የመጣሁት። የቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት ምግብ አብሳይ ወልዳ ተኝታለች። ገንፎውን የሚያገነፋው ዘበኛው ነው።»

«ዘበኛው?! ወላሂ፣ ልጆቹን ሊጨርሳቸው ነው!» ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው ከእኔ ቀድመው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው አብሳይ ሆነው ተቀጠሩ። ልጆቻቸውም ከትምህርት ቤት ሲወጡ እዚያ ይበላሉ፤ የአብሳይ ልጆች ናቸውና ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

ሊቀመንበሩ ግን እትዬ ዘይነባን ስብሰባ ላይ ሊያቆማቸው ፈለገ። «ችግረኛ እንደነበሩ ለሕዝቡ ይናገሩ፤ ምሳሌ ይሆናሉ።»

«እኔ ሞቼ ነው ቆሜ? አንዴ ካሳፈርካቸው ተመልሰው ቤታቸውን ይዘጋሉ፤ ልጅቷ ደግማ ስትወድቅ አንተ ታነሳታለህ?»

ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ። ስብሰባው ላይ ግን ስማቸውን አላነሳም።

ስንዴ ዳግም ሲመጣ እትዬ ዘይነባን አማከርኩ። ተጠርተው የማይወጡትን ቤቶች አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። «እኔ አደርሳለሁ፤ አንቺ አትምጪ» አሉኝ። ስንዴውን በየዘንቢሉ ከፋፍለው፣ ጎመን ከላይ ጣል አድርገውበት፣ ከገበያ እንደተመለሰ ሰው በየበሩ ገቡ። አንድም ቤት አልመለሳቸውም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት ሠራተኞች ሲጠይቁኝ የምላቸው ይህንኑ ነው፦ ችግረኛ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ እናንተ ለምኑ።