ከዚያ ቤት ማን ወጣ?

ልጄ ዛሬ ጠዋት የአንድ የቢሾፍቱ ቤት ፎቶግራፍ አሳየኝ። «አባባ፣ አየሩ ለእማማ ደረት ይስማማል፤ የጉለሌ ብርድ ይብቃት» አለኝ።

«ከዚያ ቤት ማን ወጣ? ለምንስ ወጣ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ።

አልፈርድበትም፤ በደርግ ዘመን ገና አልተወለደም ነበር።

ያን ጊዜ ባለቤቴ አስካለ ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ ክፉኛ ታስል ነበር። ሐኪሙም «ሞቅ ወዳለ አገር ካልወሰዷት ክረምቱን አትዘልቅም» አለኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ካድሬ፣ ያኔ ደብረ ዘይት በምትባለው በዚያችው በቢሾፍቱ ያለ የአንድ ቤት ቁልፍ ሰጠኝ። «ጓድ መምህር፣ ይግቡበት» አለኝ። ጓድነቱን የሰጠኝ ሳልጠይቀው ነው።

«የቤቱ ጌታስ?» አልሁት።

«ይህን ባይጠይቁ ይሻልዎታል።»

ሄጄ አየሁት። ፀሐይ የሚገባበት፣ ነፋሱ ለስላሳ የሆነ ቤት ነው። በግቢው ገመድ ላይ ግን የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል፤ ስነካው ገና እርጥብ ነበር።

ተመልሼ ለአስካለ ነገርኋት። «ልብሱን አነሣኸው?» አለችኝ።

«እዚያው ተውሁት።»

«እንግዲያው ቁልፉንም መልስ።»

ቁልፉን ስመልስ ካድሬው ስሜን በደብተሩ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ በራችን በተንኳኳ ቁጥር፣ እኔ ሄጄ እስክከፍት ድረስ አስካለ ሳሏን አፍና ትጠብቅ ነበር።

ክረምቱን ግን በፈጣሪ ቸርነት ዘለቀችው።

ዛሬም የልጃችንን ሳቅ ከጓዳ ሰምታ «አባትህ የጠየቀህን መልስ» አለችው። ሊያጣራ ወጥቷል።

እናንተስ፣ አየሩ ተስማምቷችሁ ሕሊናችሁ እንቢ ያለው ቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? ምን አደረጋችሁ?