አማርኛ ከአባቴ አፍ የጠፋበት ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ፀጉር ላስቆርጥ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወዳለ አንድ ፀጉር ቤት ይዤው ገባሁ። ቆራጩ ማሽኑን አጥፍቶ የልጁን ማጅራት በአልኮል ጠረገና ፓውደር ነሰነሰበት። ያ ቀዝቃዛ፣ አፍንጫ የሚነካ ሽታ ሲደርሰኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። ልጄ በመስታወቱ ውስጥ አየኝና "እማ፣ ምን ሆንሽ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ልብሱ የሚሸተው ልክ እንደዚያ ነበር።

አባቴ ፀጉር ቆራጭ ነበር። የተወለደው እዚሁ ወለጋ፣ ኡኬ አጠገብ ካለ ገጠር ነው፤ እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ድረስ ከኦሮምኛ ሌላ ቋንቋ አያውቅም ነበር። ከዚያ ሥራ ፍለጋ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ ቡሬ ሄደ። ሙያውንም፣ አማርኛውንም፣ እናቴንም ያገኘው እዚያ ነው። ነቀምቴ ይዟት ከመጣ በኋላ የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ሆነ። ከእኔ ጋር ብቻችንን ስንሆን በኦሮምኛ ያጫውተኝ ነበር። እናቴ ግን ገበያ ላይ ኮረሪማና በርበሬ የምትሸጥበትን ያህል ብቻ ነው የምታውቀው፤ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ሕፃናት ማሽኑን ፈርተው ሲያለቅሱ መጀመሪያ በራሱ ክንድ ላይ አስኪዶ እንደማያም ያሳያቸዋል። በእኔ ላይ አንድ ቀን እንኳ ጮኾ አያውቅም። እናቴ ስትቆጣው "እሺ የኔ እመቤት፣ እሺ" እያለ ይስቅ ነበር።

ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አንድ የሐምሌ ጠዋት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አባቴ የአንድ ደንበኛ ፀጉር ሲቆርጥ ቀኝ እጁ ከዳው። ማሽኑ ወለል ላይ ወድቆ እየተንዘረዘረ ሲጮኽ አባቴ ዝም ብሎ ያየው ነበር አሉ። የአፉ አንዱ ጎን ወርዷል። ደንበኛው ፀጉሩ በግማሽ እንደተቆረጠ፣ ጨርቁን ከአንገቱ ሳይፈታ ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል አደረሰው።

ዘጠኝ ቀን ምንም አልተናገረም። በዐሥረኛው ቀን እናቴ ግንባሩን ስትጠርግለት "ቢሻን" አለ። በኦሮምኛ ውሃ ማለቱ ነው። እናቴ እያለቀሰች፣ እየሳቀችም አጠጣችው። "በል አሁን ስሜን ጥራው" አለችው። ትክ ብሎ አያት። ከንፈሩ ታገለ፤ የወጣው ግን ሌላ የኦሮምኛ ቃል ነበር። በማግስቱም፣ በሳምንቱም እንደዚያው። እሷ ስታናግረው ከግድግዳ ወዲያ ያለ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ግንባሩን ይቋጥራል።

ቤት ከገባን በኋላ ቁጣው መጣ። ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ሳህን ወረወረ። ከአባቴ አፍ ሰምቼው የማላውቀው ስድብ ይወጣው ጀመር። በሁለቱ መሃል ቆሜ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። "ምን አለ?" ትለኛለች እናቴ። "ደክሞኛል ነው የሚለው" እላታለሁ። እንደዚያ አላለም።

ለቀጠሮ ስንመለስ ወጣቱ ሐኪም በአንድ ወረቀት ጀርባ ላይ ጥቅል ጎመን የሚመስል አንጎል ሣለልን።

"ረስቶኝ ነው ዶክተር?" አለችው እናቴ።

"አይደለም እናቴ። ደም ያጣው ይሄ በግራ በኩል ያለው ነው። ቃል የምናወጣበት ቦታ ነው። በልጅነት የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ተመለሰ፤ ኋላ የተማሩት አልመጣ አላቸው። አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል። ሊመለስም፣ ላይመለስም ይችላል።"

"ቁጣውስ? እሱ እኮ ቁጡ ሰው አልነበረም።"

"ንዴት ሁላችንም ጋ አለ" አለ ሐኪሙ እርሳሱን ወደ ሥዕሉ የፊት ክፍል እያንቀሳቀሰ። "አንጎል አፋችን ላይ ሳይደርስ ይይዘዋል። የእሳቸው መያዣ ላልቷል፤ ከእርስዎ ጋር ተጣልተው አይደለም።"

የሰው ጠባይ ልቡ ውስጥ ነው ብዬ ነበር የማምነው። አውራ ጣት የምታህል ቦታ ስትጎዳ ያ ሁሉ ትዕግሥት የሚሄድ ከሆነ፣ አባቴ የቱ ጋ ነው ያለው? መንገዱን ሁሉ ይህን እያሰብኩ ሄድኩ። ዛሬም መልሱን አግኝቼዋለሁ አልልም።

መስከረም ላይ የእናቴ ታላቅ ወንድም ከቡሬ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። አባቴ ብርጭቆ ሲወረውር ሁለት ቀን አየ። በሦስተኛው ቀን፣ "እቴ፣ ካልተነጋገራችሁ ትዳሩ ምኑ ላይ ነው? ልጅቷን ይዘሽ ነይ። እሱን ዘመዶቹ ያስታምሙት" አላት።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ አባቴ አልጋ አጠገብ ቆመች። እኔ በሩ ጋ ነበርኩ።

"ጠይቂልኝ" አለችኝ። "ልሂድ ወይስ ልቀመጥ በይልኝ።"

ጠየቅሁት። አባቴ ፊቱ ቀላ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ።

"ነ ቢራ ዴሚ!" ብሎ ጮኸ። ከአጠገቤ ሂጂ ማለት ነው።

ጣሪያው ላይ የቀረው ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። "ምን አለ?"

"አጠገቤ ተቀመጪ ነው የሚላት" አልኩ።

እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አጎቴ በማግስቱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ብቻውን አውቶቡስ ተሳፈረ።

አባቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። አማርኛው አልተመለሰም። ቁጣው ቀስ እያለ በረደ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። እናቴ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ከእኔና ከጎረቤቶቻችን ኦሮምኛ መማር ያዘች። በጎጃም ዜማ ስትናገረው አባቴ በደኅናው የአፉ ጎን ይስቅ ነበር።

ከሞተ ከዓመት በኋላ ጓሮ ተቀምጠን በርበሬ ስንቀነጥስ የዋሸሁትን ነገርኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ድንጋይ ይዤው ኖሬያለሁ።

እናቴ ቀና እንኳ አላለችም። "'ዴሚ'ን የማላውቅ መሰለሽ? ገበያ ላይ ነገረኛውን ሁሉ የምሸኘው በሱ አይደል?"

"ታዲያ ለምን ተቀመጥሽ?"

"አንቺ በሩ ጋ ስለነበርሽ አላየሽም። አፉ ሂጂ ሲለኝ ግራ እጁ የነጠላዬን ጫፍ ጨብጦ ነበር" አለች። "እንዴት አድርጌ እሄዳለሁ?"

በርበሬው አስነጠሳት። በክንዷ አፍንጫዋን ጠራርጋ መቀንጠሷን ቀጠለች።