ቀምሰሽ ስጪያት

ከወረታ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ነው የያዙኝ። የመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ የተናገርሁት አልጣማቸውም። ጓደኞቼ «ዝም አይነቅዝም» ሲሉኝ ኖረዋል፤ እኔ ግን ያልሁት እውነት ነበር፣ ዛሬም እለዋለሁ።

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ነው፤ የፎገራን ፀሐይ ሁሉ ለብቻው የተረከበ ይመስላል። ጥግ ላይ አንዲት ሴት ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«አሟታል እኮ» አሉኝ ቀድመውኝ የታሰሩ አሮጊት። «የጎረቤት የሩዝ ገለባ አቃጥላ ነው ያመጧት። መርዝ አለበት እያለች እህል ውሃ አልቀምስም ብላለች።»

ባሏ መድኃኒቷን አምጥቶ ነበር። ፖሊሶቹ «ታስመስላለች» ብለው አስቀመጡት። የደነገጡት አንገቷን ቀና ማድረግ ሲያቅታት ነው። ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ፖሊስ ኪኒኑንና ውሃ በጆግ ይዛ ገባች።

«እጇን ያዙልኝ፤ አፏን እኔ እከፍታለሁ።»

«አልይዝም» አልሁ።

«እንግዲያ ትሙት?»

«ማን ትሙት አለ? እናትሽ ለእንግዳ ጠላ ስትቀዳ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች? አንችም ቀምሰሽ ስጪያት።»

አፈጠጠችብኝ። ፈርቻለሁ፤ ግን ዓይኔን አልነቀልሁም። በመጨረሻ ቆቧን አውልቃ ከሴትዮዋ ፊት ተንበረከከች፤ ውሃውን በመዳፏ ጠብ አድርጋ ጠጣች።

«ይኸው ቀመስሁልሽ፣ እታለም።»

ሴትዮዋ የፖሊሷን መዳፍ አየች፤ ጉሮሮዋንም አየች።

«ድገሚው።»

አሮጊቷን ሳቅ አመለጣቸው። ፖሊሷ ደገመችው። ያኔ ሴትዮዋ ጆጉን ተቀብላ ጠጣች፣ ጠጣች፤ ኪኒኑንም በገዛ እጇ ዋጠችው። ከታሰርሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ፖሊሷን ጠየቀቻት።

«ለመሆኑ በምን ታሰርሁ?»

ለካ ማንም አልነገራትም! እብድ ምን ይሰማል ተብሎ። ፖሊሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስለ እሳቱ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሴትዮዋ ሳታቋርጥ ሰማች።

«ሰው ተጎዳ?»

«ኧረ አልተጎዳም።»

«ተመስገን» አለችና አለቀሰች።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰዷት። እኔም ተፈትቼ ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። የአእምሮ ሕመምተኛ ታሰረ ሲሉኝ ጣቢያ ድረስ እሄዳለሁ፤ አሁን አሁንማ ሲያዩኝ «መጣች ደግሞ» ይላሉ። መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። በምን እንደታሰረ ነግረውት እንደሆነም እጠይቃለሁ። ካልነገሩት አስፈቅጄ እገባና፣ አጠገቡ ተቀምጬ እኔው እነግረዋለሁ።