የዓለምዘውድ ስኩተር ለመስቀል ጉብሬ ገባ

ዓለምዘውድ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመንግሥት ሥራ ዘመኗ አንድም ቀን የዓመት ፈቃድ ወጥታ አታውቅም ነበር። ሰዎች ታታሪነት ይሉታል። እኔ ያረጋል ግን ከጠረጴዛዋ አጠገብ አሥራ አንድ ዓመት ስለተቀመጥኩ እውነቱን አውቃለሁ፤ ፈቃድ ብትወጣ የምትሄድበት አልነበራትም። አባቷ ከደብረ ማርቆስ በመምህርነት ተመድበው ቡታጅራ መጡ፣ እዚሁ አረፉ፤ እሷም የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ኃላፊ ሆና ቀረች። ያለ እሷ አንድ ፋይል አይገኝም። እሷ እያለችም የሚገኘው ካላኮረፈች ነው።

ሁለት እግሮቿን በልጅነቷ ፖሊዮ ጎድቷቸዋል። በክራንች አምስት ስድስት እርምጃ ትሄዳለች፤ ከዚያ በላይ የሰው ጀርባ ያስፈልጋት ነበር። የቢሯችንን ደረጃ ጠዋት አዝሎ የሚያወጣት፣ ማታ አዝሎ የሚያወርዳት ዘበኛችን ሸምሶ ነው። ሸምሶ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ሰላምታ ይወዳል። እሷን አዝሎ ደረጃው መሃል ባለጉዳይ ካገኘ ይቆማል። "አሰላሙ አለይኩም! ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና? እንሴኖ በኩል ዝናቡ እንዴት ነው?" ይህ ሁሉ ተጠይቆ ሁሉም እስኪመለስ ድረስ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ጀርባው ላይ ናት።

"ጆንያ እንኳን ወሬ ሲረዝም መሬት ያስቀምጡታል፣ ያረጋል" ትለኝ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. አንድ የእርዳታ ድርጅት በባትሪ የሚሄድ ባለ ሦስት ጎማ ስኩተር ሰጣት። ወረቀቱ ላይ ስሙ አንድ መስመር ተኩል ይፈጃል፤ ከተማው ግን "የዓለምዘውድ ባጃጅ" ብሎ ገላገለው። ቢሮዋም ወደ ምድር ቤት ወረደ። ስኩተሩን የተቀበለች ቀን ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አሰረችና እኔና ሸምሶ እየሰማን "ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይሸከመኝም" አለች። ሸምሶ ትንሽ ከፋው መሰለኝ።

ከዚያ መስከረም 2007 ላይ ድንገት የፈቃድ ቅጽ ሞላች። መሄጃ፦ ወልቂጤ። አብሮ የሚሄድ፦ የለም።

"ወልቂጤ ምን አለሽ?" አልኳት።

"ምንም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለዞኑ በሚላክ ፖስታ ላይ 'ወልቂጤ' ብዬ ጽፌያለሁ። አንድ ቀን እንኳን አላየሁትም። ደብዳቤዎቼ ሁሉ አይተውታል።"

ነገር ግን የመረጠችው ሳምንት የመስቀል ሳምንት ነበር። በመስቀል አዲስ አበባ ያለ ጉራጌ ሱቁን ቆልፎ አገሩ ይገባል፤ ባዶ እጁን የሚገባ ደግሞ የለም። ለአባት ብርድ ልብስ፣ ለእናት ጫማ፣ ፍራሽ፣ ሬዲዮ፣ ሁሉም አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይጫናል። በዚህ ሳምንት ለጤነኛውም ሰው መቀመጫ ማግኘት ጭንቅ ነው ብዬ መከርኳት። "ፈቃዴ ተፈርሟል" አለችኝና ፋይል መደርደሯን ቀጠለች።

ያኔ ከቡታጅራ ወልቂጤ አውቶቡስ የሚገኘው በዓለም ገና በኩል ዞሮ ነው። እስከ ዓለም ገና ያለ ችግር ደረሰች። ወደ ወልቂጤ በሚወርደው አውቶቡስ ላይ ስኩተሩ ከአምስት ፍራሽና ከአንድ ቁም ሳጥን ጋር ጣሪያ ላይ ወጣ። ዓለምዘውድ ሥራዋ መዝገብ ነውና የአውቶቡሱን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ረዳቱ ሙንታሲር ይባላል፤ ጢሙ የሸበተ፣ ሃያ ዓመት ዕቃ የጫነ ሰው ነው።

ችግሩ የመጣው ወልቂጤ ላይ ነው፤ የመጣውም ከክፋት ሳይሆን ከደግነት። አውቶቡሱ ቆሞ ክራንቿን ስታነሳ አምስት ሰው ተነሳ። "እኔ አወርዳታለሁ!" "ቆይ አንተ ወገብህን ያምሃል!" "እህቴ፣ አንገቴን ያዢ!" እሷ "ተዉኝ! ራሴ እወርዳለሁ!" እያለች ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሏት ወረደች። አንዱ ወንበር አመጣ፣ አንዱ ሻይ አዘዘ፣ አንዷ ሴት ነጠላዋን አስተካከለችላት። ረዳቱም ሳይቀር ሻይዋ ስኳር እንዳለው ጠየቀ። ሁሉም እሷን ሲረዳ ስኩተሩን ያስታወሰው የለም። አውቶቡሱ ተነሳና ወደ ጉብሬ ሄደ።

ሁለተኛ ሻይዋን ስታጋምስ ነው ቀና ብላ ያየችው። ወልቂጤ ነበረ፤ ስኩተሩ ግን አልነበረም።

ሙንታሲር ጋ ደወለች። "አብሽሪ፣ እትዬ!" አለ ደስ ብሎት። "ጉብሬ ላይ ቤተሰቦችሽ ተረክበውታል።"

"እኔ ጉብሬ ቤተሰብ የለኝም!"

"እንግዲህ ... አሁን ሳይኖርሽ አይቀርም" አለ። ከዚያ ማን እንደተረከበ ነገራት፤ በዚያው አውቶቡስ የመጣ፣ ፊልጶስ የሚባል፣ አዲስ አበባ የፕላስቲክ ዕቃ የሚነግድ ሰው ነው። ሊቀበሉት የወጡት ዘመዶቹ ስምንት ናቸው፤ ከጣሪያ የወረደውን ሁሉ እየተሻሙ ይዘው ሄዱ።

ዓለምዘውድ ባጃጅ ይዛ ጉብሬ ገባች። እስከ መንደሩ ድረስ ምን ምን እንደምትል ስታጠና እንደሄደች ነግራኛለች፤ ግማሹ የሚጻፍ አይደለም። ፈርታም ነበር። ስኩተሩ ከጠፋ ወደ ሸምሶ ጀርባ ትመለሳለች፤ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ እንዴት ነው።

መንደሩ መግቢያ ላይ አንድ ጎልማሳ ሮጦ መጣና ባጃጁን አስቆመ። ፊልጶስ ነው። ሙንታሲር ደውሎለታል።

"እትዬ፣ በመድኃኔዓለም፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊልኝ" አለ። "እኔ የገዛሁለት ብርድ ልብስና ጫማ ነው። አባቴ ሁለት ዓመት ሆነው፣ እግሩ አልታዘዝ ብሎ ከግቢ ከወጣ። ያንን ዕቃ ሲያይ ጊዜ ያመጣሁለት መስሎት ምርቃት ጀመረ።"

"ታዲያ የእኔ አይደለም አትለውም ነበር?"

"ምርቃት እንዴት ይቋረጣል? እሱ እስኪጨርስ ጠበቅሁ፤ አጎቴ ተቀበለ። አጎቴ ሲጨርስ ጎረቤት ቀጠለ። ሁሉም አሜን ብለው ሲያበቁ እኔ ምን አፍ አለኝ?"

"የእኔ አይደለም! ሁለት ቃል ነው!" ብላ ጮኸችበት።

ግቢው ውስጥ አባቱ፣ ጋሽ አስረስ፣ አዲሱን ጫማ አድርገው ስኩተሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ከቧቸዋል። ከተቀመጡ አንድ ሰዓት ሆኗቸዋል፤ ቁልፍ ስለሌለ መሪውን ብቻ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዞራሉ። ልጃቸው ቁልፉን ሻንጣ ውስጥ እየፈለገ ነው ተብለዋል። ዓለምዘውድ በክራንች ከባጃጁ ስትወርድ ሽማግሌው አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ አዩ።

"ይኸው! ቁልፉን አመጣችልኝ!" አሉ። "እግርሽ ይህን ያህል እያስቸገረሽ ለእኔ ብለሽ መጣሽ? ልጄ፣ ተባረኪ!"

ሴቶቹ እልል አሉ።

ዓለምዘውድ አፏን ከፈተች። ሁለቱ ቃላት ግን አልወጡም። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻቸው። በኋላ "ለምን?" ብዬ ስጠይቃት ተቆጣችኝ። "እልልታ ላይ ምን ይባላል፣ ያረጋል? አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?" እኔ ብሆን አለቅስ ነበር፤ ግን አልነገርኳትም።

ሦስት ቀን እንግዳ ሆነች። ክትፎው በሸክላ ጣባ ቀረበላት፣ ቆጮው ተቆረሰላት፣ የክብር ቦታ ተሰጣት። በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል ባለው ሰፊ የሣር ሜዳ፣ እዚያ ጀፎረ በሚሉት ላይ፣ ጋሽ አስረስን መንዳት ታስተምር ጀመር። ክፉ አስተማሪ ናት፤ እኔን ኮምፒውተር ስላስተማረችኝ አውቃታለሁ።

"ቀስ! ቀስ ይበሉ! ግራ አልኩኝ እኮ፣ አባባ!"

"ግራው እንዲህ አይደል?"

"እሱ ደመራው ነው!"

ለደመራ የተሰበሰበውን እንጨት ሁለት ጊዜ ገጩት። አንድ የእንሰት ቅጠል ገነጠሉ። ሁለት ዓመት ያላዩዋቸውን ጎረቤቶች በየደጃቸው እየቆሙ ሰላም አሉ፤ እዚህም ያው የሸምሶ ሰላምታ ነው፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ልጆቹ። ዓለምዘውድ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ከወዲያ ወዲህ የሚከተላት ፊልጶስ ነበር፤ ሊያዝላት ሲያጎነብስ እምቢ እያለች በክራንቿ ስድስት እርምጃ ትሄድና ታርፋለች፣ ደግሞ ስድስት። እግሮቿን ሰው ሲነዳቸው ማየት ምን ይመስላል ስላት "ደስ ይላል፣ ያማል" አለችኝ። በየማታው ነገ እነግራቸዋለሁ ትላለች። ነገ ሲመጣ ሽማግሌው ፊታቸውን ታጥበው፣ አዲሱን ጫማ አድርገው በር ላይ ይጠብቋታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፈቃዷ ሊያልቅ ሆነ። ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች።

"አባባ፣ ይህ ዕቃ ..."

"የአንቺ ነው" አሉ ጋሽ አስረስ።

ደነገጠች። "ማን ነገረዎት?"

"ማንም። ያን ቀን ቁልፉን ስትሰጪኝ ክሩን አልለቀቅሽውም። ሁለት ጊዜ ሳብኩት። ሰው የሌላውን ዕቃ እንዲያ አድርጎ አይዝም።"

"ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ዝም አሉ?"

ሽማግሌው ወደ ጀፎረው አዩ። "አንድ ዙር ብቻ ብዬ ነበር" አሉ። "ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ሰው ነኝ እኮ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።"

ዓለምዘውድ እዚያው አለቀሰች፤ ይህን ስትነግረኝ "አቧራ ገባብኝ" ብላ ነው፣ በመስከረም፣ ሣር ላይ። ከዚያ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣችና በጋሽ አስረስ ስም ለእርዳታ ድርጅቱ ማመልከቻ ጻፈች፤ ግልባጩን፣ እንደ ልማዷ፣ ለዞኑ፣ ወልቂጤ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ እንደማትልከው፣ ራሷ በስኩተሯ ይዛ ገብታ የመዝገብ ቁጥር ካልተሰጠው እንደማትወጣ ምላ ተገዘተች። የሚሆነውን እንደማታውቅም አልሸሸገቻቸውም። ጋሽ አስረስ ወረቀቱን ተቀብለው ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

"አሁን ውሰጂው" አሉ። "አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እስከ አስፋልቱ ድረስ እኔ ልንዳው። እንግዳዬን ራሴ ልሸኝ።"

አስፋልቱ ሩቅ ነው። በክራንች አይደረስም፤ ባጃጅ ደግሞ ያን ቀን በበዓሉ ምክንያት የለም። ዓለምዘውድ ስኩተሩን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ከዚያ ፊልጶስን አየች። ሁለት ዓመት ሙሉ "ማንም አይሸከመኝም" ያለችውን ቃሏን አንድ ቀን አላፈረሰችውም፤ የወልቂጤዎቹ እንኳን በግድ ነው ያወረዷት።

"ፊልጶስ" አለች፤ "ና፣ እዘለኝ።"

አዘላት። ጋሽ አስረስ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ቁልፉን አዙረው፣ ከፊት ከፊት ነዱ። በየደጁ ቆመው ሰላም ሲሉ ፊልጶስም ይቆማል፤ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ ደህና፣ ዓለምዘውድ ጀርባ ላይ ሆና የሁሉንም ሰላምታ እየመለሰች። በመጨረሻ ሽማግሌው ወደ ኋላ ዞር ብለው ልጃቸውን ተቆጡ።

"ቀስ በል እንጂ፣ እንዳትጥልብኝ!"

"አባባ!" አለች ዓለምዘውድ ከፊልጶስ ትከሻ በላይ። "እኔን ይተዉኝና ወደ ፊት ይዩ! ቦይ አለ!"