ከሐይቁ የመጣው ቅኔ

እኛ ስደተኞች በምንሰባሰብበት ሰፈር፣ በካባላጋላ፣ የእኔን ያህል ቅኔ የሚያውቅ ሐበሻ የለም፤ ያውም ያለ መምህር፣ በራሴ ተምሬ። ትናንት ግን ሐይቁ አጠገብ ሙቱንጎ በተከራየኋት ክፍሌ፣ በኮሮናው እገዳ የቦዳው፣ የሞተር ታክሲው ድምፅ ሁሉ ጸጥ ባለበት አመሻሽ፣ ከሐይቁ በኩል የቅኔ ዜማ ሰማሁ። ድምፁን አወቅሁት።

ልጅ ሳለሁ፣ አገር ቤት፣ የመንደራችን ባለቅኔ ሐይቅ ዳር ሲቀኙ ተደብቄ አዳምጥ ነበር። ቅኔ አንዴ ይባላል እንጂ አይደገምም። አንድ ቀን እርሳቸው ዝም ሲሉ፣ ውሃው በእርሳቸው ድምፅ ደገመው። ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«አንተ ሌባ ጆሮ፣ የሚደግመው እኔ አይደለሁም። መጨረሻውን ጎዶሎ ይተወዋል፤ እንዳትሞላለት!»

በማግስቱ ጫማቸው ብቻ ዳር ላይ ተገኘ።

ትናንትም መጨረሻው ጎድሎ ነበር። የሚሞላው ቃል ምላሴ ላይ መጣ፤ ከእርሳቸውም የተሻለ ነበር።

መስኮቱን ዘጋሁ። ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁ። ምላሴን ነከስኩ። አልሞላሁለትም።