መቶ አርባ አራት ሂርዝ

ከሥራ ተመልሼ የምጫወተው የኮምፒውተር ጨዋታ አምስት ሰው ባንድ ወገን ሆኖ ሌላ አምስት ሰው ላይ የሚተኩስበት ነው። የቡድኔ አራት ሰዎች በየአገሩ ተበትነው በፈረንሳይኛ እየተነጋገሩ ይጫወታሉ። እኔ በዚች የወደብ ከተማ፣ ካርትዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ አክስቴ ቤት፣ በቁም ሣጥኑና በመስኮቱ መካከል ባለች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እሰማቸዋለሁ። አልናገርም፤ እጽፋለሁ። ከቡድኑ ጋር የጀመርኩ ጊዜ ማይክራፎኔ ተበላሽቷል ብዬ ነበር። እስካሁን ለምን እንዳልተሠራ የጠየቀኝ የለም።

በመሥሪያ ቤትም ብዙ አልናገርም። የወደብ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ሰነድ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አለቃዬ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያለ ጥያቄ ካለኝ በኢሜይል እልክለታለሁ። ጨዋታው ውስጥ ግን በር ሰብሬ እገባለሁ። ስለዚህ የቡድኑ አለቃ አንድ ቀን «ሁልጊዜ ትዘገያለህ። ዓርብ ግጥሚያ አለን፤ ያን ቀንም ከዘገየህ ሌላ ሰው እናስገባለን» ሲል ራት አልበላሁም። ፈረንሳይኛው ወንድና ሴት አይለይም። እኔ ግን ወንድ እንደመሰልኩት ስለማውቅ በጆሮዬ ሁልጊዜ «ትዘገያለህ» ሆኖ ነው የሚገባው።

የመዘግየቴን ምክንያት አጠናሁ። ጥፋቱ የስክሪኑ ሆኖ አገኘሁት። ስክሪኔ ቢሮው አውጥቶ የጣለው ስልሳ ሄርዝ ሞኒተር ነበር። ሄርዝ ማለት ስክሪኑ ምስሉን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የሚነግር ቁጥር ነው። በስልሳ ከጥግ የሚወጣ ጠላት እየዘለለ ይመጣል። በመቶ አርባ አራት ተራምዶ ይመጣል ይላሉ። ያጠራቀምኩት ገንዘብ በትልልቆቹ ሱቆች የሞኒተሩን መቆሚያ ብቻ ይገዛ ስለነበር፣ ከዱባይ ያገለገለ ዕቃ የሚያስመጡትን ማፈላለግ ጀመርኩ። እነሱ ደግሞ ለጽሑፍ መልስ አይሰጡም፤ መደወል ያስፈልጋል። ከመደወሌ በፊት ክፍሌን ዘግቼ ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ ተለማመድኩ።

«መቶ አርባ አራት ሄርዝ አላችሁ? መቶ አርባ አራት ሄርዝ ነው የምፈልገው። ያገለገለም ይሁን።»

አክስቴ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ እኔ ሳልወለድ ከድሬዳዋ መጥታ እዚሁ ቀርታለች። በበሩ በኩል ሰምታኝ ኖሮ ለሁለት ቀን ስታየኝ ከረመች። ሻዬ ውስጥ ማር መጨመር ጀመረች። በሦስተኛው ቀን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«መቶ አርባ አራቱን አገኘሽ?» አለችኝ።

ስለ ነገሬ ጠይቃኝ ስለማታውቅ ደስ አለኝ። «ገና ነኝ» አልኳት።

«ምን ያደርግልሻል ያን ያህል?»

«ስልሳው አላዳነኝም።»

«ስልሳ አለሽ?»

«አለኝ። ከመሥሪያ ቤት ያመጣሁት።»

አክስቴ ጠረጴዛውን፣ ቀጥሎም አንገቴን አየች። «ሌላው ሰው ስንት አለው?»

«ይለያያል። ፈረንሳይ አገር ያለው ሁለት መቶ አርባ አለው።»

«ፈረንሳዩ?»

«እሱ ማንም አይነካውም።»

«እና አንቺን ማን ነው የሚነካሽ?»

«ከኋላዬ ይመጣሉ። አላያቸውም። እስከ ዓርብ ድረስ ካላገኘሁ ደግሞ ጓደኞቼ ያስወጡኛል።»

«የትኞቹ ጓደኞችሽ?»

«አታውቂያቸውም። እኔም አይቻቸው አላውቅም፤ ድምፃቸውን ብቻ ነው የምሰማው።»

አክስቴ ቢስሚላህ ብላ ተነስታ ወጣች። ሂሳቡ በዝቶባት ነው ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በትንሽ ቡናማ ቆዳ የተሰፋ ነገር በገመድ አንጠልጥላ መጣችና አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ቤታችን ውስጥ ይህን ሂርዝ ይሉታል፤ ሌላው አማርኛ ተናጋሪ ክታብ የሚለው፣ ጥቅስ ተጽፎበት ከክፉ የሚጠብቅ ነው። አርሂባ ሰፈር ድረስ ሄዳ ከአንድ ሽማግሌ ነው ያመጣችው።

«እሱም ገርሞታል» አለች። «መቶ አርባ አራት ለአንድ ከተማ ነው አለኝ። እውነተኛ ከሆነ አንዱ ይበቃል።»

ሂርዝና ሄርዝ በአክስቴ አፍ አንድ መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ስክሪኑን አብርቼ፣ ማውዙን እያሽከረከርኩ፣ ምስል ስለመታደስ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ስለዚህ የኤሌክትሪክ ነው» አለች።

«የኤሌክትሪክ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። እና ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሽው?» በጣም ስለቀለላት የጎደለውን እሞላለሁ አለች። ሂርዙን ግን አላወለቀችልኝም፤ ተከፍሎበታል።

ሱቁ ወደ ባልባላ የሚሄዱት ሚኒባሶች ከሚነሱበት ጀርባ ነው። ቀትር ላይ ጫት ወደ ከተማው ገብቶ ባለሱቁ ለመቃም ሳይዘጋ ለመድረስ ጠዋት ሄድን። ሰውየው ሶማሌ ነው፤ አማርኛውን ከደንበኞቹ ስለለቀመው ሴቱንም ወንዱንም አንተ ይላል። አክስቴም እንደ ድሬዳዋ ሰው ሁሉ አንቱ ስለማታውቅ፣ ሁለቱ ወዲያው ተግባቡ።

ከአክስቴ ጋር ባዋጣነው ገንዘብ የሚገዙ ሁለት ሞኒተሮች ነበሩ። አንዱ ትልቅ፣ አዲስ፣ ጎበጥ ያለ፣ ሰባ አምስት ሄርዝ። ሌላው አነስ ያለ፣ ያገለገለ፣ ካርቶኑ ላይ መቶ አርባ አራት የተጻፈበት፣ ቀኝ ጥጉ ላይ የማትበራ ጥቁር ነጥብ ያለችው።

«ትልቁ ይሻላል» አለች አክስቴ። «ዜናም ይታይበታል።»

«ሐቁን ነው የምትለው» አለ ባለሱቁ። «ትልቁን ውሰድ። ትንሹ የታመመ ነው፣ ነጥቡን እየው።»

ትንሹን እንደምፈልግ ለአክስቴ በጆሮዋ ነገርኳት። ግን ካርቶን ካርቶን ነው፤ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ተገዝቶ የተመለሰ ዕቃም በዚያ ሰፈር አልታየም። ይብራልኝ በይልኝ አልኳት።

«አንተ፣ ይብራልኝ ትላለች።»

«ካርቶኑ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«ካርቶኑን አትገዛም። አብራው።»

ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ አበራው። ማስተካከያውን ከፍቼ አየሁ። «ስልሳ ነው የሚለው» አልኳት በሹክሹክታ።

«ስልሳ ነው ትላለች።»

«መቶ አርባ አራት ነው ወላሂ!»

«አንተ ትምላለህ፣ እሱ ስልሳ ይላል። ስልሳ እኮ አላት።»

ችግሩ ከገመዱ ሊሆን እንደሚችል አውቄያለሁ፤ የሱቁ ገመድ አሮጌ ነበር፤ ከዚያ በላይ አያሳልፍም። ይህን በሹክሹክታ ለአክስቴ ማስረዳት ከባድ ስለሆነ፣ ከቦርሳዬ የራሴን ገመድ አውጥቼ ለሰውየው ዘረጋሁለት። ገመድ ይዞ የመጣ ደንበኛ አይቶ ስለማያውቅ ልሸጥለት መስሎት አገላብጦ አየው። አክስቴ «ሰካው» አለችው። ሰካው። ማስተካከያው ውስጥ መቶ አርባ አራት ወጣ። መረጥኩትና ማውዙን አሽከረከርኩ። ቀስቱ ሳይቆራረጥ ሄደ።

«አሁን ምን ተለወጠ?» አለች አክስቴ።

«አይታይሽም?»

«አይታየኝም።»

«እኔም አይታየኝም» አለ ባለሱቁ። «ዓይኑ ያለው ሰው ብቻ ነው የሚገዛው።»

በነጥቧ ምክንያት አክስቴ ዋጋውን አስቀነሰችው። ነጥቧን ሦስት ጊዜ በጣቷ ነካች፤ በነካች ቁጥር ሰውየው ትንሽ ወረደ። ለአራተኛ ጊዜ ጣቷን ስታነሳ ሞኒተሩን አቅፎ ወደ ካርቶኑ መለሰው። በሦስተኛው ዋጋ ገዛነው።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ከተማው ጸጥ አለ። ኤሲው ከኮምፒውተሩ ጋር ሲሠራ መብራቱ ስለሚጠፋ አክስቴ ኤሲውን አጥፍታልኝ ሳሎን ተኛች። በላብ ታጥቤ ተቀመጥኩ።

ሞኒተሩ የተባለለትን ሆነ። ጠላቶቻችን ከጥግ ሲወጡ ተራምደው ወጡ። የሚገድለኝን ሰው ጫማ ሳይቀር አየሁት። ሆኖም ገደለኝ። በሁለተኛው ዙርም እንዲሁ። አለቃው በጆሮዬ «አሁንም ዘገየህ» አለ።

ጣቶቼን አየኋቸው። ፊደሎቹ ላይ ነበሩ። ሌሎቹ ያዩትን እየተናገሩ ይተኩሳሉ፤ እኔ ያየሁትን ስጽፍ እጄ ከማውዙ ላይ ይነሳል፤ ጽፌ ስጨርስ ሰውየው ደርሶ ገድሎን ይሄዳል። ስልሳም ቢሆን፣ ሁለት መቶ አርባም ቢሆን፣ ስጽፍ ያው ነኝ። ይህን ከገዛሁ በኋላ ማወቄ ጥሩ አልነበረም።

በመጨረሻው ዙር እኔና አለቃው ብቻ ቀረን። አንድ ጠላት ከአለቃው ግራ በኩል በግንቡ ጥግ ሲመጣ አየሁት፤ እያንዳንዷን እርምጃውን። የሚጻፍበት ጊዜ አልነበረም። የማይክራፎኑን ቁልፍ ተጫንኩ።

«በግራህ!» አልኩ።

በአማርኛ ነው ያልኩት። አለቃው ግራ ገብቶት ወደ ቀኝ ዞረ። ወዲያው ሞተ። እኔ ገዳዩን ገደልኩ፤ እጄ ማውዙ ላይ ስለነበረ። ከዚያ ሌላው እኔን ገደለኝና ግጥሚያው አለቀ። ተሸነፍን።



«ማይክራፎንህ ተሠራ እንዴ?» አለ አለቃው።

«አዎ» አልኩ፣ በፈረንሳይኛ።

«ሴት ነሽ?»

«አዎ።»

የማስወጣቱን ነገር እየጠበቅኩ ጆሮ ማዳመጫውን ያዝ አድርጌ ቆየሁ። ላቤ አገጬ ላይ ደርሶ ነበር።

«ያልሽው ቃል ምን ማለት ነው?»

«በግራህ ማለት ነው።»

«አይተሽው ነው ያልሽው?»

«አዎ። ቀድሜ አይቼዋለሁ።»

«ድገሚው እስቲ።»

ደገምኩት። አራቱም ተራ በተራ ሞከሩት። «ግራ» ወዲያው ወጣላቸው። ፈረንሳዩ «አጭር ነው፣ ከእኛው ይሻላል፤ ጠላትም አይገባውም» አለ። የቀኙን ጠየቁኝ። ቀኝ አልኳቸው። ቀኙ አልወጣላቸውም፤ «ቀ»ን ለማውጣት ለብዙ ደቂቃ ሲታነቁ ቆዩ። አንደኛው አሳለው። በመጨረሻ አለቃው እንዲህ ወሰነ፦ ከሚቀጥለው ዓርብ ጀምሮ ጠላት ከግራ ሲመጣ በአማርኛ፣ ከቀኝ ሲመጣ በፈረንሳይኛ እናገራለሁ።